ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል

ሴንት ፖል፣ ማርች 17፣ 2024

ይድረስ ለማላውቅሽ ልጄ ለዮሐና፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ፣ ባለቤቴ አብዱልሀፊዝና ልጄ ከሚሪያ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

ፖስታሽን ከሚሪያ ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመጣ የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። ከቻይና የመጣ ደብዳቤ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ያውም በአማርኛ! «ይቺ ልጅ ማንን አስጽፋ ነው?» ብዬ ገልብጬ ቴምብሩን አየሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሳነብ አንዱ ሕፃን ጁሱን ምንጣፉ ላይ ደፍቶታል፤ ልብም አላልኩት።

እንዳልሽው ነው፤ ቪዲዮው ውስጥ ከኋላ የምትጮኸው ሴትዮ እኔ ነኝ። ከሚሪያ «ለቻይንኛ ክፍል ቤታችንን ልቅረጽ፤ ቻይና ካለ ትምህርት ቤት ጋር ቪዲዮ እንለዋወጣለን» ስትለኝ ግድግዳውን የምትቀርጽ መስሎኝ እሺ አልኳት እንጂ፣ እኔን በሽርጥና በነጠላ ጫማ ለቻይና ሕዝብ ታሳየኛለች ብዬ አላሰብኩም። የምቆጣው ልጅ ቶኩማ ይባላል። የእኔ አይደለም፤ እናቱ ኢቢሴ ሥራ ስትሄድ ለእኔ ትተወዋለች። ቤቴ ዴይኬር ነው፤ የሰው ልጆች ነው የማሳድገው። የሚሰማው ደወል ደግሞ የባቡሩ ነው፤ ቤታችን ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ነው። «ና ወዲህ፣ አፍንጫህን ልጥረግልህ» ያልኩት ቻይና ድረስ ተሰምቶ አንዲትን ልጅ ክፍል ውስጥ ያስለቅሳል ብሎ ማን ይገምታል? ጓደኞችሽ ሳቁብሽ ይሆን? ደግሞስ ለምን በስልክ አትጽፊልኝም?

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ካሳዬን ግን አላውቃትም። አባትሽ በመሐንዲስነት የሠራበት የመንገድ ካምፕ ሲከፈት እኔ አገር ለቅቄ ነበር። ከሁለት ዓመትሽ እስከ ዘጠኝ ዓመትሽ እንዳሳደገችሽ ጽፈሽልኛል፤ መልኳንም እንዲሁ። ረጅም፣ ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ልጄ፣ እንዲህ ዓይነት ሴት ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት አለች መሰለሽ! ቢሆንም ወንድሜ ተማም እዚያው ባጃጅ ይነዳል፤ የማያውቀው ቅያስ የለም። እጠይቀዋለሁ። ለመሆኑ እንዴት ተለያያችሁ?

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ደብዳቤሽን «ዮሐና» ብለሽ ብቻ ጨረስሽው። በእኛ አገር ስም ለብቻው አይቆምም። የማን ልጅ ነሽ?

ሀሲባ


ቻንግሻ፣ ኤፕሪል 21፣ 2024

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሀሲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጓደኞቼ አልሳቁብኝም። መምህራችን «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ሴትዮዋ ያለችውን ሰማሁ» አልኳት። እንግሊዝኛ መስሏት «ጎበዝ» አለችኝ።

ለምን በስልክ እንደማልጽፍ ጠይቀውኛል። ትምህርት ቤታችን አዳሪ ነው፤ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ደግሞም ፊደል የማውቀው በእጄ ነው። ኮምቦልቻ እስከ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የአማርኛ መጽሐፌ አሁንም አለ፤ እንዳልረሳ እሱን እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ አማርኛዬ የልጅ አማርኛ ነው፤ አይሳቁብኝ። የቻይና ስሜ ዩሃን ነው። ካሳዬ ለመጥራት ስላልተመቻት ዮሐና አለችኝ፤ ሰፈሩም ዮሐና አለኝ።

እንዴት ተለያያችሁ ብለውኛል። አልተለያየንም። ችግሩ ይህ ነው። የአባቴ ሥራ ሲያልቅ ለአንድ ወር ዕረፍት ቻይና ሄደን እንመለሳለን ተባልኩ። ያን ቀን ጠዋት ካሳዬ ሹሩባ ሠራችኝ። ከዚያ «ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። መኪናው ሲመጣ እሷ አልመጣችም። እኔም አላለቀስኩም፤ ለወር ነዋ የምሄደው። ቻይና ከገባን በኋላ እናቴ ሹሩባውን እንዳትፈታው ለመንኳት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ተፈታ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ካሳዬም ታውቅ ነበር። እንዳላለቅስ ብለው ነው። ግን ደህና ሁኚ አላልኳትም። እሷን አንድ ጊዜ ባያት፣ በስልክም ቢሆን፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ምንም ወሬ ቢያገኙ አይደብቁኝ። ብትታመምም፣ ብትረሳኝም። ቃል ይግቡልኝ። እርስዎ ያሳደጓቸው ልጆችስ ያስታውሱዎታል?

የማን ልጅ ነሽ ላሉኝ፣ አባቴ ቼን ጂያንጉዎ ይባላል። ግን «ዮሐና ቼን» ስል ሁለት ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ለጊዜው

ዮሐና ብቻ ልሁን


ሴንት ፖል፣ ጁላይ 9፣ 2024

የኔ ሆድ ዮሐና፣

እንደምን ከርመሻል? ትምህርት ተዘግቶ ቤቴ ገበያ መስሏል፤ ለዚያ ነው የዘገየሁት፤ አትቀየሚኝ።

የላክሻቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ ከከሚሪያ ጋር አየኋቸው። እሷ ለትምህርቷ፣ እኔ አንቺን ልፈልግ። ምሳ በልታችሁ ሁላችሁም ጠረጴዛችሁ ላይ ተደፍታችሁ ስትተኙ ከሚሪያ ቀናች። «እኛን ለምን አያስተኙንም?» ብላ መምህሯን ጠየቀች አሉ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ያየሁት ሹሩባ የነበረውን ፀጉርሽን ነው፤ እስከ ጆሮሽ አስቆርጠሽዋል።

የማሳድጋቸው ልጆች ያስታውሱኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ያስታውሱኛል ብዬ አልዋሽሽም። አምና ትምህርት ቤት የገባ አንድ ልጅ ነበር፤ ጫማ ማሰር፣ መታጠብ፣ ሁሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሮዝቪል፣ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። «ሃይ» ብሎኝ ከእናቱ ኋላ ተደበቀ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። መስከረም ላይ ደግሞ ቶኩማ ይሄድብኛል። ስለዚህ ያቺን ካሳዬን እንዴት እንደምቀናባት አትጠይቂኝ። አንቺን የመሰለች ልጅ ባሕር ተሻግራ የምትፈልጋት እሷ ማን ናት?

ተማም እየፈለገ ነው። የሰጠሽኝ ስልክ ከጦርነቱ ወዲህ አይሠራም፤ ሰውም ተበታትኗል። አብሽሪ፣ ትገኛለች።

ቃል ግቢልኝ ብለሽኛል። ቃሌ ነው። ያገኘሁትን አልደብቅሽም።

ሀሲባ


ቻንግሻ፣ ሴፕቴምበር 15፣ 2024

እትዬ ሀሲባ፣

እንዴት ከረሙ? እኔ የመጨረሻው ክፍል ገብቻለሁ። ሰኔ ላይ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንፈተናለን፤ እስከዚያ ከመጽሐፍ ቀና ማለት የለም። የቪዲዮ ልውውጡንም ለታናናሾቻችን ለቀቅን። ለከሚሪያ እንደምትናፍቀኝ ይንገሩልኝ።

የመጨረሻው ቪዲዮ ርዕስ «ያሳደገኝ ሰው» የሚል ነበር። ጓደኞቼ ስለ አያቶቻቸው ተናገሩ። እኔ በአማርኛ ልናገር ብዬ መምህሬን አስፈቀድኩ። ማንም አይሰማሽም አለችኝ። የምትሰማው አንዲት ሰው አለች አልኳት።

ከተለያየን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ለካሳዬ ነገርኳት። እንዳደግኩ፣ እንደታመምኩ፣ ሩዝ ስበላ በእጄ በልቼ እንደሳቁብኝ። መጨረሻ ላይ የገበያው ነገር ቅር እንዳላለኝ ነገርኳትና ደህና ሁኚ ልላት ፈለግኩ። ግን አልወጣ አለኝ። «መጣሁ» ብዬ ካሜራውን ዘጋሁት።

ከሚሪያ ቪዲዮውን ትሰጥዎታለች። ካሳዬ ስትገኝ ያሳዩልኝ። ስታየው ምን እንዳለች ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ዮሐና


ሴንት ፖል፣ ኖቬምበር 24፣ 2024
(ያልተላከ)

ዮሐናዬ፣

ይህን እንደማልከው እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ላንቺ ካልጻፍኩት ለማን ልጻፈው?

ተማም ቤቷን አገኘው። ከጦርነቱ በኋላ ሰፈር ቀይራ ኖሯል። እንዴት እንዳገኘው ታውቂያለሽ? አንድ ቅያስ ውስጥ ሕፃናት በር ላይ ተቀምጠው ሩዝ በሁለት እንጨት ሲበሉ አየ። ባጃጁን አቁሞ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ቢላቸው «ካሳዬ» አሉት። ሸምበቆ እየቀረፈች ለየልጁ ሠርታለታለች። ጎረቤቶቿ «የቻይና እናት» እያሉ ሲቀልዱባት «አዎ፣ ልጄ እዚያ ናት፤ ትምህርቷን ስትጨርስ ትመጣለች» ትላቸው ነበር አሉ።

«እሷስ የት አለች?» ሲላቸው ልጆቹ ትልቅ ሰው ጠሩለት። ካሳዬ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሐምሌ ላይ አርፋለች። ኩላሊቷን ነበር የታመመችው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ እጄ ሲገባ እንኳ እሷ አፈር ከለበሰች ወራት አልፎ ነበር።

ተማም ቪዲዮሽን በስልኩ ይዞት ስለነበር ለጎረቤቶቿም፣ ተጠርተው ለመጡት ለድሮ ሰፈሯ ሰዎችም አሳያቸው። ባጃጁን ከብበው ሰፈሩ ሁሉ አየው። «ዮሐና ናት! ምን አክላለች!» እያሉ ተላቀሱ።

ቃል መግባቴን አልረሳሁም። ግን መርዶ እንዴት በወረቀት ይጻፋል? እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ተማም በስልክ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ሲለኝ ከረመ። ለካ እዚህ ላሉት ዘመዶቻችን ነግሯቸዋል። አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሮዝቪልም ከሲዋርድ ሰፈርም ተሰብስበው በሬን አንኳኩ። ፊታቸውን ሳይ አወቅኩ። ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ ነበር። አንቺ ይህን ወረቀት ማደሪያሽ ውስጥ ብቻሽን ስታነቢው ማን ይይዝሻል?

ከሚሪያ ግን አኩርፋኛለች።

«ማሚ፣ ፕሮሚስ አድርገሽላታል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ዛትስ ላዪንግ!»

«ውሸት አልነግራትም። ዝም ነው የምለው።»

«ሴም ቲንግ!» ብላ ክፍሏን ዘግታ ገባች።

ከዚያ በራሷ ስልክ እያስተረጎመች፣ በመምህራችሁ በኩል ለእናትሽ ጻፍንላት። የእናትሽ መልስ አጭር ነበር። «ከፈተናው በኋላ። እባካችሁ፣ ከፈተናው በኋላ።» በእኛም አገር ለተፈታኝ መርዶ አይነገርም። ከሚሪያ መልሱን ሁለቴ አነበበች። «አልነግራትም፤ ግን አልዋሽላትም» አለችኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

አንቺ ስትታለዪ ይህ ሁለተኛሽ ነው። ይቅር በዪኝ።


ሴንት ፖል፣ ዲሴምበር 15፣ 2024

ለውድ ልጄ ለዮሐና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እዚህ በረዶው ገብቷል። ጠዋት አብዱልሀፊዝ ደጁን ሳይጠርግ መኪናው አይወጣም። ልጆቹን ለማውጣት ካፖርት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ አልብሼ ስጨርስ አንዱ ሽንቴ መጣ ይላል። ትናንት ደግሞ በረዶው እስከ ጉልበት ደረሰ። ዛሬም እየጣለ ነው።

ቶኩማ ትምህርት ቤት ገባ። እናቱ ኢቢሴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ታመጣልኛለች። ወንድሟ ጉዲሳ እዚያው ቻይና፣ ዉሃን ዶክትሬቱን እየተማረ ነው አለችኝ። ካንቺ ከተማ ሩቅ ነው ወይ?

ስለ ካሳዬ ለጠየቅሽኝ፣ ተማም ሥራውን እየሠራ ነው። አንቺ ያንቺን ሥራ ሥሪ። ብዪ፣ ተኚ፣ አጥኚ። በረዶው ሲቆም በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ሀሲባ


ቻንግሻ፣ ማርች 2፣ 2025

እትዬ ሀሲባ፣

እንዴት አሉ? በረዶው ቆመልዎ?

ዉሃን በፈጣኑ ባቡር ቅርብ ናት። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም፤ ግን መልሻለሁ።

እናቴ ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆናለች። እሑድ ቤት ስሄድ ፍራፍሬ እየላጠች አጠገቤ ትቀመጣለች። የካሳዬን ስም ሳነሳ ግን ትነሳና የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥባለች። ከሚሪያም በመምህራችን በኩል ካርድ ልካልኛለች። በቻይንኛ «ጓደኛሽ ነኝ፣ ሁልጊዜ» ይላል። ሌላ ምንም አልጻፈችበትም። እሷ እኮ ወረቀት አይበቃትም ነበር።

ብዙ አልጠይቅዎም። አንዱን ብቻ ይመልሱልኝ። ቪዲዮውን አይታዋለች?

ዮሐና


ሴንት ፖል፣ ሜይ 4፣ 2025

ዮሐናዬ፣ የኔ ሆድ፣

ቪዲዮሽን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። በአንድ ስልክ ላይ ተደራርበው ነው ያዩት። ስምሽን ያልጠራ የለም። ማደግሽን አይተው ያላለቀሰ የለም። አማርኛሽንም አደነቁ፤ አንዲት አሮጊት «ይቺ ልጅ እኮ የእኛን ሰፈር ወሬ ከነለዛው ነው የያዘችው» አሉ ይላል ተማም።

እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ አለ። ፈተናሽ መቼ ያልቃል? ካለቀ በኋላ የምታድሪው ቤት ነው? ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ዘበኛው በጠዋት የመጣ እንግዳ ያስገባል? እናትሽ ጠዋት ቤት ትኖራለች? ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ከሚሪያ ፊደል አስተምሪኝ ብላ ይዛኛለች። እኔ ስለምናት እሺ ብላ አታውቅም ነበር፤ አሁን ማታ ማታ «ሀ ሁ» እያለች ትጽፋለች። ላንቺ በራሷ እጅ መጻፍ ፈልጋ ነው።

በዱዓዬ አልተለየሽኝም። ስሚኝ ልጄ፣ አንዳንዱን ነገር በወረቀት መጻፍ አልችልበትም። ፈተናሽን በሰላም ጨርሺልኝ።

ሀሲባ


ቻንግሻ፣ ጁን 22፣ 2025

ይድረስ ለእትዬ ሀሲባ፣

በላች ወይ፣ ተኛች ወይ እያሉ በየቀኑ የቶኩማን አጎት ጉዲሳን ይጠይቁታል አሉ። በልቻለሁ። ተኝቻለሁ። አሁን መጻፍ እችላለሁ።

ተናድጄብዎት ነበር። ይህን ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። ቃል ገብተውልኝ ነበር። «ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል» ብለው ሲጽፉልኝ «አይታዋለች» አላሉም። ያንን መስመር ደጋግሜ አነበብኩትና ወረቀቱን አጥፌ የሒሳብ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። አውቄ ነበር መሰለኝ። ግን ማንም ካልነገረኝ ገና አልሞተችም ብዬ እስከ ፈተናው አብሬያት ቆየሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። እናቴ ለባብሳ ሳሎን ቆማለች። ከጎረቤት የተዋሰቻቸው ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። «ማን ሊመጣ ነው?» አልኳት። እናቴ ከካምፑ አማርኛ የቀራት ጥቂት ቃል ብቻ ናት፤ ለእኔ ተናግራበት አታውቅም። «ቁጭ በይ» አለችኝ፣ በአማርኛ። ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተንኳኳ። ጉዲሳ ነበር፤ ከእሱ ጋር አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች። ማታ በባቡር መጥተው ሆቴል አድረዋል። ኢየሩሳሌም የምትባለዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ካሳዬ ጎረቤት ሲሞት እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ አልረሳሁትም። አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩ። መኪናው የመጣ ቀን ያላለቀስኩት ሁሉ ወጣ። ኢየሩሳሌም ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ያዙኝ።

ንፍሮ ቀቅለው ይዘው መጥተዋል። ስንዴና ሽምብራ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ከእኔ ሳህን ቆነጠረች። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶቻችን መጡ። ወንበሩን ለምን እንደተዋሰች ያኔ ገባቸው። ለማያውቁት ሰው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ቁጭ አሉ። አንደኛዋ እናቴን «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለቻት። እናቴ «የልጄ እናት» አለቻት።

ጉዲሳ የሩዙን ነገር ነገረኝ። እነዚያን ልጆች ማየት እፈልጋለሁ። እናቴ ውጤቴ ሲመጣ አብረን ኮምቦልቻ እንሄዳለን ብላኛለች፤ አውሮፕላኑ እስኪነሳ አላምንሽም ብያታለሁ። ሳቀች። መቃብሯን ተማም ያሳየናል አይደል?

ካሳዬ ገበያ ብላ የወጣችው እንዳላለቅስ ነበር። እርስዎ እነጉዲሳን የላኩልኝ እንዳለቅስ ነው። ስለዚህ ቂም የለኝም። ለከሚሪያ፣ የጻፈችልኝ ፊደል ጠማማ ቢሆንም ይነበባል ይበሉልኝ። ቶኩማን ይሳሙልኝ፤ ቢረሳዎትም አይዘኑ፤ አፍንጫው በተጠረገ ቁጥር ትዝ ይሉታል።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ስም ለብቻው አይቆምም ብለውኝ ነበር። ልክ ነዎት።

አክባሪዎ፣
ዮሐና ካሳዬ